የሞተው ኖድ ድምፅም ይቆጠራል፦ የፕሮክስሞክስ ኖዶችን ከተርሚናል ማስተዳደር

ጥያቄ፦ «3 ሰርቨር ያለው የፕሮክስሞክስ (ቪኤም የሚባሉ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ አለን። የቪኤሞቹ ዲስኮች በጋራ የኤንኤፍኤስ (በኔትዎርክ የሚደረስ) ስቶሬጅ ላይ ናቸው። ጥቂቶቹን ቪኤሞች ኤችኤ (ሰርቨሩ ቢወድቅ ቪኤሙን ሌላ ሰርቨር ላይ የሚያስነሳ አሠራር) ውስጥ አስገብተናቸዋል። የሁለተኛው ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) ማዘርቦርድ ከተቃጠለ ሳምንታት አልፈዋል። ባለፈው አንደኛውን ኖድ ለከርነል አፕዴት ሪቡት አደረግሁት። እሱ ገና ሳይነሳ ሦስተኛው ኖድ ራሱን በራሱ ሪስታርት አደረገ። መብራት አልጠፋም። ሲመለስ ደግሞ ቪኤሞቹ አልነሳ አሉ፤ ኮረም (ክላስተሩ ለመሥራት የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛት) የለም ይላል። አንድ የማውቀው ሰው ‹ፒቪኢሲኤም ኤክስፔክትድ 1› በል አለኝ፤ ሠራ። ይህን ትእዛዝ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ ላድርገው? የሞተውን ኖድ የማስወጫ ቁልፍ ዌብ ገጹ ላይ የለም፤ በኖዱ ስም ያለውን ፎልደር ብሰርዘው ይበቃል? አዲሱን ሰርቨር በድሮው ስም ላስገባው አስቤአለሁ።»

ምላሽ፦ ትእዛዙን ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ አያስገቡት። አስገብተውት ከሆነ ይህን አንብበው ከመጨረስዎ በፊት ያውጡት። ፎልደሩንም አሁን አይሰርዙት። የሞተው ኖድ በአንድ ትእዛዝ በሥርዓት ይወጣል። ግን እሱን ማስወጣት ብቻውን ችግርዎን አይፈታም። ለምን እንደማይፈታ ለማወቅ ያን ቀን የሆነውን መረዳት ያስፈልጋል። ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ነው የምጽፈው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ይጻፋሉ።

ከመጀመሪያው የተሳሳተ ግምት እንነሳ። ሁለተኛው ኖድ ለሳምንታት ሞቶ ስለቆየ ክላስተሩ 2 ኖድ ብቻ ያለው መስሎዎታል። ክላስተሩ ግን እንደዚያ አያየውም። ኮሮሲንክ፣ ማለትም ኖዶቹን የሚያገናኘውና ድምፅ የሚቆጥረው ፕሮግራም፣ አባላቱን የሚያውቀው ከኮንፊግ ፋይሉ ነው። እዚያ 3 ኖድ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የሚጠብቀው 3 ድምፅ ነው። ማዘርቦርዱ ይቃጠል፣ ኬብሉ ይነቀል፣ ለእሱ ሁሉም ያው «መልስ የማይሰጥ አባል» ነው። ልክ እንደ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በመዝገብ ያለ አባል ስብሰባ ባይመጣም ምልዓተ ጉባኤው ሲሰላ ይቆጠራል።

ስሌቱ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት ነው። ከ3 ድምፅ 2 ያስፈልጋል፣ ከ4 ድምፅ 3፣ ከ5 ድምፅም 3። ከ2 ድምፅ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ይያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ስለዚህ ማዘርቦርዱ ከተቃጠለበት ቀን ጀምሮ ክላስተርዎ በጠርዝ ላይ ነው የቆመው። 2 ድምፅ ያስፈልገዋል፣ ያለውም 2 ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ዌብ ገጹም ይከፈታል፣ ቪኤሞቹም ይሠራሉ። አንደኛውን ኖድ ሪቡት ሲያደርጉ ግን ሦስተኛው 1 ድምፅ ይዞ ብቻውን ቀረ። ኮረም ጠፋ።

ኮረም ሲጠፋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይከተላሉ። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የመጀመሪያው ማንኛውም ክላስተር ላይ የሚሆን ነው። ኢቲሲ ስር ያለው የፒቪኢ ፎልደር እንደ ሌላው ፎልደር ዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም። የቪኤሞቹ ኮንፊግ፣ የተጠቃሚዎች ፈቃድ፣ የስቶሬጅ ዝርዝር ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ፒኤምኤክስሲኤፍኤስ የሚባል የፋይል ሲስተም በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳየዋል። ኮረም ሲጠፋ ይህ ፎልደር የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሆናል። እየሠሩ የነበሩ ቪኤሞች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የቆመ ቪኤም ማስነሳት፣ ኮንፊግ መቀየር፣ ቪኤም ማዛወር ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ኤችኤ ያለው ላይ ብቻ የሚሆን ነው። የኤችኤ ቪኤም የያዘ ኖድ ዋችዶግ የሚባል ቆጣሪ አብሮት ይሠራል። ኖዱ ኮረም ውስጥ እስካለ ድረስ ቆጣሪውን በየጊዜው ያድሰዋል። ኮረም ሲያጣ ማደሱን ያቆማል። 60 ሰከንድ ሲሞላ ዋችዶጉ ማሽኑን በግድ ሪሴት ያደርገዋል። ይህ ፌንሲንግ ይባላል። ሰርቨር ደግሞ ሜሞሪውን ፈትሾ፣ ካርዶቹን አስነስቶ፣ ሊነክሱ ተጭኖ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይወስድበታል። አንደኛው ኖድ ሳይመለስ የሦስተኛው 60 ሰከንድ አለቀ። ስለዚህ ሦስተኛው ሰርቨርዎ ጤነኛ ነው። ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር ወይም ሜሞሪ ለመመርመር ገንዘብና ጊዜ እንዳያባክኑ።

እንዲህ የጨከነበት ምክንያት አለው። በሦስተኛው ኖድ ቦታ ሆነው ይዩት። ሌሎቹ ዝም ብለዋል። ሞተው ይሁን ወይም የእሱ ኬብል ተነቅሎ እነሱ እየሠሩ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እነሱ አብረው ካሉ ኮረም አላቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ እሱን እንደሞተ ቆጥረው ከ2 ደቂቃ ገደማ በኋላ የእሱን የኤችኤ ቪኤሞች እነሱ ጋ ያስነሷቸዋል። እሱ ራሱን ካላጠፋ አንድ ቪኤም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይሠራል። ሁለቱም በኤንኤፍኤሱ ላይ ያለችውን አንዷን የዲስክ ፋይል ይጽፉባታል። ቪኤሙ ውስጥ ያለው ኤክስት4 ወይም ኤንቲኤፍኤስ ሁለት ጸሐፊ እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። ዳታቤዙም እንደዚያው። የሚያስፈራው ደግሞ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ቪኤሙ ሲሠራ ይውላል፤ ብልሽቱ የሚገለጠው በኋላ ነው። ያኔ መውጫው ባክአፕ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ፒቪኢሲኤም ኤክስፔክትድ 1» እንምጣ። ይህ ትእዛዝ ምንም አይጠግንም። ለኮሮሲንክ «ከአሁን በኋላ 1 ድምፅ ብቻ ጠብቅ» ነው የሚለው። የሚለወጠው ሜሞሪ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ አሁንም 3 ኖድ አለ። ያን ቀን የሠራልዎት አንደኛው ኖድ በእርግጥ እየተነሳ ስለነበረና ምንም ቪኤም ስላልያዘ ነው። ጉዳት አልደረሰም።

ማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሌሎቹ ኖዶች የሚታዩ ከሆነ ኮሮሲንክ ትእዛዙን አይቀበለውም። ካሉት ድምፆች ያነሰ ቁጥር ስለሆነ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። የሚቀበለው ሌሎቹ በማይታዩበት ጊዜ ነው። ማለትም ስክሪፕትዎ ሰላም ሲሆን ምንም አይፈይድም፤ የሚሠራው አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው። ለምሳሌ ስዊቹ ተበላሸ እንበል። ኖዶቹ ኮረም አጥተው ራሳቸውን ሪሴት ያደርጋሉ። ሲነሱ እያንዳንዱ ብቻውን ነው። ስክሪፕቱ ለእያንዳንዳቸው «አንተ ብቻህን ትበቃለህ» ይላቸዋል። እያንዳንዳቸውም የሌሎቹን የኤችኤ ቪኤሞች ለማንሳት ይሞክራሉ። ስቶሬጁ በሌላ መስመር የሚደረስ ከሆነ ዲስኮቹ አለቀላቸው። ፌንሲንግ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነበር።

ትእዛዙ ትክክለኛ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። አንድ ኖድ ብቻ ሲተርፍና ሌሎቹ መጥፋታቸው ሲረጋገጥ የተሠራው ለዚያ ነው። ሰው በእጁ፣ እያየ፣ አንድ ጊዜ ይጽፈዋል። «መጥፋታቸው ሲረጋገጥ» የሚለው ላይ አጥብቄ ልናገር። ፒንግ አለመመለሱ ማረጋገጫ አይደለም። የኔትዎርክ ካርዱ ሞቶ ማሽኑ ቪኤም እያሠራ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ አይድራክ ወይም አይሎ (ሰርቨሩን ከርቀት የሚያስተዳድር ክፍል) ካለው በዚያ ይግቡና የኃይሉን ሁኔታ ይዩ። ከተርሚናል ከሆነ በአይፒኤምአይቱል «ቻሲስ ፓወር ስታተስ» ብለው ይጠይቁ። ይህ ከሌለ ሰው ልከው ገመዱን ያስነቅሉ።

ስለ ማስወጣት። ዌብ ገጹ ላይ ቁልፉን ያጡት እርስዎ ስላላዩት አይደለም። ኖድ የሚወጣው ከተርሚናል ነው። በበኩሌ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ዋናውን ቅድመ ሁኔታ ሶፍትዌሩ ሊያረጋግጥ አይችልም። ቅድመ ሁኔታው ኖዱ መጥፋቱና እንደነበረ ሆኖ ዳግም እንደማይነሳ ነው።

ፎልደሩን መሰረዝ ለምን አይሆንም? በኮሮሲንክ ኮንፊግ ላይ ያለው ስም በዚያ አይነካም፤ ድምፁ መቆጠሩን ይቀጥላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ የዚያ ኖድ ቪኤሞች ኮንፊግ አለ። የኤችኤ ቪኤሞቹን ክላስተሩ ራሱ ወደ ሌሎቹ ኖዶች አዛውሯቸዋል። ኤችኤ ያልነበራቸው ግን እስካሁን እዚያው ተቀምጠዋል። ፎልደሩን ሲሰርዙ የትኛው ዲስክ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሜሞሪ፣ የትኛው የማክ አድራሻ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለቱም የቀሩት ኖዶች ተነስተው እያሉ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ይበሉና ኮረም መኖሩን ይዩ። ከመንካትዎ በፊት ቫር፣ ሊብ፣ ፒቪኢ-ክላስተር ስር ያለውን የኮንፊግ ዳታቤዝ ፋይልና የፒቪኢውን ፎልደር ሌላ ማሽን ላይ ይገልብጡ። ተርሚናል ላይ የሠሩትን ወደነበረበት የሚመልስ ቁልፍ የለም። ከዚያ የሞተው ኖድ ፎልደር ውስጥ ይግቡ። የቪኤሞቹ ኮንፊግ ኪውኢኤምዩ-ሰርቨር በሚባለው ውስጥ፣ የኮንቴይነሮቹ (የሰርቨሩን ከርነል የሚጋሩ፣ ከቪኤም የቀለሉ ናቸው) ኤልኤክስሲ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ፋይል በ«ኤምቪ» ወደ አንድ ሕያው ኖድ ተመሳሳይ ፎልደር ያዛውሩ። መገልበጥ አይቻልም፤ አንድ የቪኤም ቁጥር በክላስተሩ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚኖረው። ዲስኮቹ ኤንኤፍኤስ ላይ ስለሆኑ ቪኤሙ በአዲሱ ቦታ ወዲያው ይነሳል። በሞተው ኖድ የውስጥ ዲስክ ላይ የነበረ ቪኤም ካለ ግን ኮንፊጉን ማዛወር ባዶ ቅርፊት ነው የሚሰጥዎት። እሱን ከባክአፕ ይመልሱት።

ወደዚያ ኖድ የሚሄድ የሪፕሊኬሽን (የዲስክ ቅጂ የመላክ) ሥራ ካለ ይሰርዙት። ከዚያ «ፒቪኢሲኤም ኖድስ» ብለው ስሙን እንደተጻፈ ያንብቡና «ፒቪኢሲኤም ዴልኖድ» ከሚለው ቀጥሎ ስሙን ይጻፉ። ኖዱን መግደል አልተቻለም፣ የለም የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። አይደንግጡ፤ የሞተን አባል ለማጥፋት ስለሞከረ ነው። ደግመው «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ሲሉ የሚጠበቀው ድምፅ 2 ሆኖ መታየት አለበት። ስሙ ዌብ ገጹ ላይ ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ ውስጡ ምንም የሚፈለግ ነገር አለመኖሩን አይተው አሁን ፎልደሩን መሰረዝ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የተቃጠለው ማዘርቦርድ ነው፤ ዲስኮቹ ደህና ናቸው። እነዚያ ዲስኮች ላይ የክላስተሩ ቁልፍና የድሮው የአባላት ዝርዝር አሁንም አለ። ነገ አንድ የሥራ ባልደረባዎ ማዘርቦርድ አግኝቶ፣ ገጣጥሞ፣ ኔትዎርኩ ላይ ሰክቶ ቢያስነሳው ያ ማሽን ራሱን የክላስተሩ አባል አድርጎ ይመጣል። ክላስተሩን ሊያበላሸው ይችላል፤ ማስተካከሉም ከባድ ነው። ዲስኮቹን ያውጡና የኔትዎርክ ገመድ በሌለበት ማሽን ላይ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ይደምስሱ። እስከዚያው ወረቀት ለጥፈውባቸው ይቆልፉባቸው።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ያልኳት ቁጥር መጣች። የቀረዎት 2 ኖድ ነው፤ ከ2 ድምፅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ማለትም የሞተውን አስወጥተውም አንዱን ሪቡት ቢያደርጉ ሌላው ኮረም ያጣል፣ ኤችኤ ካለበትም ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ያ ቀን እንዳለ ይደገማል። መፍትሔው ሦስተኛ ድምፅ መጨመር ነው።

አዲሱ ሰርቨር በቅርብ የሚመጣ ካልሆነ ኪውዲቫይስ ይግጠሙ። ይህ ቪኤም የማያሠራ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ሌላ ማሽን ነው። ዴቢያን የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። በዚያ ማሽን ላይ ኮሮሲንክ-ኪውኔትዲ የሚባለውን ፓኬጅ ይጫኑ። በሁለቱ ኖዶች ላይ ኮሮሲንክ-ኪውዲቫይስን ይጫኑ። ከዚያ ከአንዱ ኖድ «ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሴትአፕ» ብለው የማሽኑን አይፒ ይስጡት። የሚጠቀመው ቲሲፒ ፖርት 5403ን ነው። እንደ ኖዶቹ ፈጣን መስመር አይፈልግም፤ ራቅ ያለ ቦታ ቢሆንም ችግር የለውም። በዚያው ክላስተር ውስጥ ባለ ቪኤም ላይ ግን እንዳይጭኑት። ክላስተሩ ሲቆም ዳኛውም አብሮ ይቆማል። የሚስማማውም የኖዶቹ ብዛት ተጋማሽ ቁጥር ሲሆን፣ እንደ 2 ወይም 4 ሲሆን ነው። በ3 ኖድ ላይ አይጨምሩት፤ እዚያ የሚሰጠው የድምፅ ብዛት ይለያል፣ ዳኛው ራሱ ዋና ደካማ ቦታ ይሆናል።

ሦስተኛው ድምፅ ከገባ በኋላ ሪቡት ማድረግ መደበኛ ሥራ ይሆናል። ግን ዝም ብሎ «ሪቡት» ብሎ መጻፍና ኖድን በሥርዓት ማውረድ አንድ አይደሉም። በፕሮክስሞክስ ነባሪ አሠራር ኖዱ ሪቡት ሲባል የኤችኤ ቪኤሞቹ የትም አይሄዱም። እዚያው ጠፍተው ይቆያሉ፤ ኖዱ ሲመለስ ይነሳሉ። ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግን ይቆሙና ሌላ ኖድ ላይ ይነሳሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ቪኤሞቹ ሳይቋረጡ ይዛወራሉ ብሎ ይጠብቅና ተጠቃሚዎቹ ይደውሉበታል።

ትክክለኛው መንገድ ኖዱን አስቀድሞ ባዶ ማድረግ ነው። ከ7.3 ጀምሮ ላለ ስሪት «ኤችኤ-ማናጀር ሲአርኤም-ኮማንድ ኖድ-ሜንቴናንስ ኢኔብል» ብለው የኖዱን ስም ሲሰጡ የኤችኤ ቪኤሞቹ ወደ ሌላ ይዛወራሉ። ኤችኤ የሌላቸውን ግን አይነካቸውም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። እነሱን አንድ በአንድ በ«ኪውኤም ማይግሬት»፣ ሳይጠፉ እንዲሄዱ ኦንላይን የሚለውን ጨምረው ያዛውሯቸው። በጅምላ ከሆነ «ፒቪኢኖድ ማይግሬትኦል» አለ።

ማዛወሩ ወሰን አለው። ኮንቴይነር እየሠራ አይዛወርም፤ በሪስታርት ነው የሚሄደው፣ ጥቂት ይቋረጣል። የጂፒዩ ወይም ሌላ የፒሲአይ ካርድ በቀጥታ የተሰጠው ቪኤም መጥፋት አለበት። የሲፒዩው ዓይነት «ሆስት» ተብሎ የተዘጋጀ ቪኤም ደግሞ ትውልዳቸው የተለያየ ፕሮሰሰሮች መካከል ሲዛወር ሊወድቅ ይችላል። ሰርቨሮችዎ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ከሆኑ ለሁሉም የሚስማማ የጋራ የሲፒዩ ዓይነት ይምረጡ።

ከዚያ «ኪውኤም ሊስት» እና «ፒሲቲ ሊስት» ብለው ኖዱ ላይ የሚሠራ ነገር አለመኖሩን ይዩና ሪቡት ያድርጉ። ሲመለስ በ«ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ሁሉም ድምፆች መኖራቸውን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ ኖድ አይሂዱ። ቀጥሎ ያንኑ የሜንቴናንስ ትእዛዝ «ዲሴብል» ብለው ይመልሱት። ሴፍ የሚባለውን በኖዶቹ ዲስኮች ላይ የተሰራጨ ስቶሬጅ የምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎች፣ ከሪቡቱ በፊት «ሴፍ ኦኤስዲ ሴት ኖአውት» ማለት አትርሱ። አለበለዚያ የጠፋው ኖድ ዲስኮች ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደወጡ ይቆጠሩና ዳታው መገልበጥ ይጀምራል። ስትጨርሱ ምልክቱን አንሱት።

ኪውዲቫይስ እስኪገጠም የግድ ሪቡት ማድረግ ያለብዎት አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ? ያኔ አስቀድመው ኤችኤውን ያስወግዱ። ሁሉንም ቪኤሞች ከኤችኤ ዝርዝር ያውጡና «ኤችኤ-ማናጀር ስታተስ» ላይ የኖዶቹ ሁኔታ አይድል (ሥራ ፈት) እስኪሆን ይጠብቁ። ወዲያው አይሆንም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አይድል ከሆነ ዋችዶጉ ማሽኑን አይመታውም። ኮረም ቢጠፋም የሚሠሩት ቪኤሞች ሳይነኩ ይቆያሉ። ሌላው ኖድ ሲመለስ ኤችኤውን መልሰው ያስገባሉ።

ወደ አዲሱ ሰርቨር። ከመግባቱ በፊት ኪውዲቫይሱን በ«ፒቪኢሲኤም ኪውዲቫይስ ሪሙቭ» ያውጡት። ኖድ ሲጨመርም ሲቀነስም ይህ ይቀድማል። በዚህ መሀል እንደገና 2 ድምፅ ላይ ስለሆኑ ሌላ ነገር አይንኩ። አዲሱ ሰርቨር ላይ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ስሪት ይጫኑ፣ ሰዓቱን ያስተካክሉ፣ ስሙንና አይፒውን ይወስኑ። ከገባ በኋላ ሁለቱንም መቀየር አይቻልም። ቪኤም ሊኖርበትም አይገባም፤ ሲገባ የራሱ የፒቪኢ ፎልደር በክላስተሩ ይተካል። «ፒቪኢሲኤም አድ» የሚጻፈው በአዲሱ ማሽን ላይ ነው፤ ከኋላው የሚሰጡት የአንድ ነባር ኖድ አይፒ ነው። ቦታ አቀያይሮ የሚጽፈው ብዙ ነው። መስመርዎ የሚቆራረጥ ከሆነ በሪሞት ኮንሶሉ በኩል ቢያደርጉት ይሻላል።

የድሮው ስም ይቻላል፤ ግን አልመክርም። ነባሮቹ ኖዶች የድሮውን ማሽን የኤስኤስኤች ቁልፍ በዚያ ስም ሊያስታውሱት ይችላሉ፤ ሲጋጭ ማይግሬሽንና ኮንሶል እምቢ ይላሉ። ሎጉን ከወራት በኋላ ሲያነቡም የትኛው ማሽን እንደነበር አይለይም። አዲስ ስም ይስጡት። የግድ የድሮው ካስፈለገ፣ ዴልኖዱ ቀድሞ ያለቀና ሲስተሙ ከባዶ የተጫነ መሆን አለበት፤ ከገባ በኋላ «ፒቪኢሲኤም አፕዴትሰርትስ» ይበሉ።

አንድ ነገር አልጠየቁኝም፤ ግን ኤንኤፍኤስ ስላሉኝ መናገር አለብኝ። ኮሮሲንክና የስቶሬጁ ትራፊክ በአንድ ኬብል የሚሄዱ ከሆነ፣ ኖድ ሳይሞትም ኮረም ሊጠፋ ይችላል። ኮሮሲንክ የሚልከው ትንሽ ነው፤ መዘግየት ግን አይችልም። በኖዶች መካከል ያለው መዘግየት ከ5 ሚሊሰከንድ በታች መሆን አለበት። ሌሊት ባክአፕ ሲጀምር መስመሩ ይሞላል፣ የኮሮሲንክ መልእክት ይዘገያል፣ ኖዶች ራሳቸውን ሪሴት ያደርጋሉ። ለኮሮሲንክ የራሱ የኔትዎርክ ካርድ ይስጡት። ሁለተኛ መስመርም በመጠባበቂያ ይጨምሩለት። መሀል ፋየርዎል ካለ ዩዲፒ ፖርት ከ5405 እስከ 5412 ይከፈት። የመስመሮቹን ጤና «ኮሮሲንክ-ሲኤፍጂቱል» ብለው፣ ሰረዝና ትንሿን ኤስ ጨምረው ያያሉ።

እንግዲህ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ስክሪፕቱን ዛሬ ያውጡ። የሞተውን ኖድ በዚህ ሳምንት ያስወጡ። በዚያው ቀን ኪውዲቫይሱን ይግጠሙ። ከዚያ በፊት የትኛውንም ኖድ ሪቡት አያድርጉ፣ አፕዴቱ ቢቆይም ይቆይ። አዲሱ ሰርቨር ሲደርስ ኪውዲቫይሱን አውጥተው በ3 ሙሉ ኖድ ይቀጥሉ።

አዲሱ ከገባ በኋላ ተጠቃሚ በማይበዛበት ሰዓት ይሞክሩት። ባክአፕ መኖሩን አይተው፣ አንዱን ኖድ ከአይድራኩ በኩል ኃይሉን በድንገት ያጥፉት። በቀሩት ላይ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» የሚጠበቅ ድምፅ 3፣ ያለ ድምፅ 2፣ ኮረም አለ ማለት አለበት። የኤችኤ ቪኤሞቹም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቦታ መነሳት አለባቸው። ከቀሩት ሁለት አንዱ ራሱን ሪሴት ካደረገ ድምፁ ሳይሆን መስመሩ ነው የከዳዎት፤ የኮሮሲንክን ሎግ በ«ጆርናልሲቲኤል» ከፍተው ሊንክ የወደቀበትን ሰዓት ይፈልጉ።